ሳያፈርሱ ማከም፦ የአሮጌ ሰፈሮች ሐኪም ፓትሪክ ጌዲስ

በ1886 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በስኮትላንድ ዋና ከተማ ኤድንብራ የዕጽዋት ሳይንስ ያስተምር የነበረ አንድ ወጣት፣ የሊቨርፑል ነጋዴ ልጅ የሆነችውን አና ሞርተንን አገባ። ብዙም ሳይቆይ ባልና ሚስቱ በአዲሱ የከተማዋ ክፍል የነበራቸውን የተደላደለ ኑሮ ትተው ወደ አሮጌው ከተማ ተሻገሩ። የገቡበት ቤት ጄምስ ኮርት በሚባል ግቢ፣ ባረጀ ረጅም ሕንፃ ላይ የሚገኝ ነበር። ግቢው ቆሽሿል፣ ደረጃው ጨለማ ነው፤ ጎረቤቶቻቸውም ቤተሰብ ከነልጆቹ በአንዲት ክፍል የሚያድርባቸው ድሆች ነበሩ።

በዚያ ዘመን እንደ እነርሱ የተማረና ደህና ገቢ ያለው ሰው ከዚህ ሰፈር የሚወጣ እንጂ ወደዚህ ሰፈር የሚገባ አልነበረም። የከተማዋ ሹማምንትም ቢሆኑ ለሰፈሩ ችግር ያዘጋጁት ዋና መድኃኒት ማፍረስ ነበር። ፓትሪክ ጌዲስ ግን ዕድሜውን ሙሉ ሲሟገትለት የኖረውን ሐሳብ በዚያ ጨለማ ደረጃ ላይ ጀመረ። አሮጌ ሰፈር ለእርሱ የታመመ ሰው ነበር። ሐኪም የታመመውን ያድናል እንጂ፣ ታማሚውን አስወግዶ በአልጋው ላይ ጤነኛ ሰው አያስተኛም።

ይህ ሐሳብ ከኤድንብራ ተነሥቶ እስከ ሕንድ ደርሷል። በተዘዋዋሪ ደግሞ ዛንዚባርንና አዲስ አበባን ነክቷል። የሐሳቡ ባለቤት የሕንፃ ንድፍ ባለሙያም መሐንዲስም አለመሆኑ ነገሩን የበለጠ አስገራሚ ያደርገዋል።

ከኮረብታው ላይ የታየች ከተማ

ጌዲስ በ1854 በስኮትላንድ ደጋማ ምድር፣ ባላተር በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ በብሪታንያ ጦር ውስጥ ለረጅም ዘመን ያገለገለ ወታደር ነበር። ቤተሰቡ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ወደ ፐርዝ ከተማ ተዛውሮ፣ ኪኑል በሚባል ኮረብታ ላይ የአትክልት ስፍራ ባላት አነስተኛ ቤት መኖር ጀመረ። ከዚያ ሆኖ ለሚመለከት ሰው ከተማው፣ ወንዙ፣ እርሻውና ከበስተኋላ ያሉት ተራሮች በአንድ እይታ ይጠቃለላሉ። ጌዲስ ካደገ በኋላም ከተማን ከዙሪያዋ ነጥሎ ማየት አልሆነለትም። መነሻው ይህ የልጅነት ኮረብታ ሳይሆን አይቀርም።

በትምህርቱ በተለመደው መስመር የሄደ ሰው አልነበረም። አባቱን ላለማስከፋት ለጥቂት ጊዜ በባንክ ሠራ። በ1874 ዕጽዋትን ለማጥናት ኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ገባና በሳምንቱ ለቅቆ ወጣ፤ ሕይወት ያለውን ለማወቅ የሞተውን ብቻ መበለት አልዋጥልህ አለው። ከዚያ ወደ ለንደን አቅንቶ በዘመኑ ስመ ጥር ከነበረው የሥነ ሕይወት ሊቅ ከቶማስ ሄንሪ ሀክስሊ ሥር ተማረ። ዲግሪ ግን አልያዘም። በኋላ በደንዲ ከተማ የዕጽዋት ሳይንስ ፕሮፌሰር፣ በቦምቤይ ደግሞ የኅብረተሰብ ሳይንስ ፕሮፌሰር የሆነው ያለ አንዳች ዲግሪ ነው።

አቅጣጫውን ያስቀየሩት ሁለት አጋጣሚዎች ናቸው። አንደኛው በ1878 ፈረንሳይ ሳለ የፍሬድሪክ ለ ፕሌን ትምህርት መስማቱ ነው። ለ ፕሌ የሠራተኛ ቤተሰቦችን ኑሮ በቤታቸው እየገባ ያጠና የማዕድን መሐንዲስ ነበር። ማኅበረሰብን ለመረዳት ቦታውን፣ ሥራውንና ቤተሰቡን አንድ ላይ ማየት ያስፈልጋል ይል ነበር። ጌዲስ ይህን ሦስትዮሽ ወስዶ ቦታ፣ ሥራና ሕዝብ አድርጎ እስከ ዕለተ ሞቱ አልተለየውም።

ሁለተኛው አጋጣሚ መከራ ነው። በ1879 ለሳይንስ ናሙና ለመሰብሰብ ሜክሲኮ በሄደበት ጊዜ ዓይኑ ታመመና ማየት ተሳነው። ለሳምንታት በጨለማ ክፍል ተቀመጠ። በዚያ ክፍል የመስኮቱን መስተዋቶች በእጁ እየዳሰሰ፣ እያንዳንዱን መስተዋት የአንድ ሐሳብ ማስቀመጫ እያደረገ ዕውቀትን በሠንጠረዥ ማሰብ ጀመረ። ብርሃኑ ቢመለስለትም ቀን ከሌት ማይክሮስኮፕ ላይ አቀርቅሮ መዋል ግን የሚችለው አልሆነም። ሳይንቲስቱ ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ አንሥቶ ወደ ጎዳናው አዞረ።

ሀብታም የሸሸው ሰፈር

የኤድንብራ አሮጌ ከተማ ከአምባው ቤተ መንግሥት ተነሥቶ ቁልቁል በሚወርድ ጉብታ ላይ የተሠራ ነው። አንድ ዋና ጎዳና እንደ አከርካሪ ይሄዳል፤ ከግራና ከቀኝ ደግሞ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፉ ቀጫጭን መተላለፊያዎች እንደ ዓሣ አጥንት ይወጣሉ። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ሰዉ ወደላይ ነው የሠራው። ከጥንት ጀምሮ ባለ ብዙ ፎቅ ቤቶች ነበሩበት። በአንድ ደረጃ ላይ ዳኛው፣ ነጋዴውና ጫማ ሰፊው በየፎቃቸው ይኖሩ ነበር። ሲወጡና ሲወርዱም ይገናኛሉ።

በ1767 ከጉብታው በስተሰሜን አዲስ ከተማ እንዲሠራ ከተወሰነ በኋላ ይህ ኑሮ ፈረሰ። ሀብታሙ፣ ሐኪሙና የሕግ ባለሙያው ወደ ሰፋፊዎቹ ጎዳናዎች ተሻገሩ። የተዋቸው ትልልቅ ክፍሎች በሳንቃ እየተከፋፈሉ ለድሃ ተከራዩ። ውኃ በእንስራ ወደላይ ይወጣል፣ ቆሻሻ በባልዲ ወደታች ይወርዳል፤ ባለቤቱ ኪራይ ይሰበስባል እንጂ ጣሪያ አያድስም።

በኅዳር ወር 1861፣ አንድ እሑድ ገና ሳይነጋ፣ በዋናው ጎዳና ላይ የነበረ አንድ አሮጌ ሕንፃ በተኙት ነዋሪዎቹ ላይ ተደረመሰ። 35 ሰዎች ሞቱ። ቆፋሪዎቹ ተስፋ በቆረጡበት ሰዓት ከፍርስራሹ ሥር አንድ ልጅ ገና እንዳልሞተ ጮኾ ነገራቸውና ከነሕይወቱ ወጣ። ዛሬ በዚያ ስፍራ መግቢያ ላይ የልጁ ፊት በድንጋይ ተቀርጾ ይታያል። በማግሥቱ ዓመት ከተማዋ የመጀመሪያውን የጤና ሹም ሄንሪ ሊትልጆንን ሾመች። እርሱም በ1865 ባወጣው ዘገባ በአሮጌው ከተማ በሽታና ሞት ምን ያህል እንደበዛ ቤት ለቤት አሳየ። በ1867 የከተማ ማሻሻያ ሕግ ወጣና ሰፋፊ አዳዲስ ጎዳናዎች በአሮጌዎቹ ቤቶች መካከል ተቀደዱ።

የሕጉ ዓላማ ክፉ ነበር ማለት አይቻልም፤ ሰው በተኛበት የሚቀበርበትን ቤት ማንም አይሻም። ነገር ግን ቤቱ የፈረሰበት ሰው የሚሄድበት አልነበረውም። ከሥራው መራቅ ስለማይችል ወደ ቀጣዩ መተላለፊያ ገብቶ፣ ቀድሞውንም የተፋፈገውን ክፍል ይበልጥ አፋፈገው። ጌዲስ ያገኘው ሰፈር እንዲህ ያለውን መድኃኒት የቀመሰ ሰፈር ነበር።

ጄምስ ኮርት

ባልና ሚስቱ ሥራ የጀመሩት በገዛ በራቸው ነው። ግቢውን ጠረጉ፣ ግድግዳውን ኖራ ቀቡ፣ በየመስኮቱ አበባ ተከሉ። ያዩት ጎረቤቶች ደግሞ በተራቸው መጥረጊያና ብሩሽ አነሡ። (የበኩር ልጃቸው ስምም ኖራ ነው፤ በአማርኛ ከግድግዳው ቀለም ጋር መገጣጠሙ አጋጣሚ ነው። ልጅቷ ግን ቆይተን እንደምናየው ለስሙ ተስማሚ ሆና አድጋለች።) አና ሞርተን በዚህ ሁሉ ውስጥ ከባሏ ያነሰ ድርሻ አልነበራትም። እርሱ ሐሳብ ሲያፈልቅ እርሷ ሒሳቡን ትይዛለች። ከሴቶቹ ጋርም ሥራውን የምታስተባብር እርሷ ነበረች።

ይህን ሥራ ሰፋ አድርጎ የያዘው ጌዲስ ከወዳጆቹ ጋር ያቋቋመው የኤድንብራ ማኅበራዊ ኅብረት ነው። ኅብረቱ ለንደን ውስጥ ኦክታቪያ ሂል ከ1865 ጀምሮ የሠራችበትን መንገድ ተከተለ። ያረጁ የኪራይ ቤቶችን አስተዳደር ይረከባል፤ ከኪራዩ ለጥገና የሚሆነውን ይቆርጣል። ኪራይ ሰብሳቢዎቹ በየሳምንቱ በሩን የሚያንኳኩ፣ የሚያፈስሰውን ጣሪያና የታመመውን ልጅ በዓይናቸው የሚያዩ ሴቶች ነበሩ። ኪራይ መሰብሰብና ቤት መጠገን በአንድ እጅ ሲያዙ ቤቱ እንደማይፈርስ በተግባር ታየ።

ጌዲስ በራሱ በኩል ደግሞ በብድርም በልመናም እያለ ቤት መግዛት ያዘ። ሁልጊዜ የሚጠይቀው ጥያቄ ከዚህ ግቢ መነሣት ያለበት ትንሹ ነገር የትኛው ነው የሚለው ነበር። ብርሃን የጋረደ አንድ የተጣበቀ ቤት ይነሣል፤ አየር ይገባል፤ የቀረው ይጠገናል፤ በተከፈተው ቦታ ዛፍ ይተከላል። በ1887 ተማሪዎች ራሳቸውን የሚያስተዳድሩበት የመኖሪያ አዳራሽ በዚያው ሰፈር ከፈተ። ሪድልስ ኮርት የተባለውን የ16ኛው ክፍለ ዘመን ግቢ አስጠግኖ ለተማሪዎች መኖሪያ አዋለው። ሐሳቡ ዳኛውና ጫማ ሰፊው እንደ ጥንቱ በአንድ ደረጃ ላይ እንዲገናኙ ማድረግ ነበር።

ሴት ልጁ ኖራ አድጋ አባቷን ስታግዝ፣ ባልደረቦቿን ይዛ አሮጌውን ከተማ መተላለፊያ በመተላለፊያ ዞረች። ፈርሶ የቀረ፣ ቆሻሻ የተጣለበት፣ ማንም የማያየው ባዶ ቦታ ስንት እንደሆነ ቆጠሩ። 76 ቦታዎች ተገኙ፤ ተደምረው አራት ሄክታር ያህል ይሆናሉ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አሥር ያህሉ የአትክልት ስፍራ ሆኑ። ሕፃናት አፈር ነክተው የሚጫወቱበት፣ እናቶች ፀሐይ የሚሞቁበት ቦታ ከምንም ተፈጠረ። ለዚህ አንድም ሰው ከቤቱ አልተነሣም። እኔ ከጌዲስ ሥራዎች ሁሉ ከዚህ በላይ የሚበልጥ ያለ አይመስለኝም፤ ስለ እርሱ በተጻፉት መጻሕፍት ውስጥ ግን ብዙ ገጽ አልተሰጠውም።

ግንቡ

በ1892 ከአምባው ቤተ መንግሥት ደጃፍ ያለ አንድ ግንብ በእጁ ገባ። በግንቡ አናት ላይ የከተማዋን ሕያው ምስል በጨለማ ክፍል ውስጥ ነጭ ገበታ ላይ የሚጥል የመስተዋት መሣሪያ አለ። ጌዲስ ጎብኚዎቹን በመጀመሪያ በፍጥነት ወደላይ ያወጣቸዋል፤ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ ጎዳናቸውን፣ ጭሳቸውንና ሰዋቸውን ከላይ ያያሉ። ከዚያ ፎቅ በፎቅ ይወርዳሉ። ከላይ ያለው ክፍል ስለ ኤድንብራ ነው፣ ቀጥሎ ስለ ስኮትላንድ፣ ከዚያ ስለ ቋንቋው ወገን አገሮች፣ ስለ አውሮፓ፣ መጨረሻ ላይ ስለ ዓለም። ጌዲስ ዓለምን የሚያውቃት ከገዛ ደጃፉ የጀመረ ሰው ብቻ ነው ብሎ ያምን ነበር።

ከዚህ ግንብ የወጣው ትልቁ ትምህርት ከማቀድ በፊት ማጥናት የሚለው ነው። ዛሬ ለማንኛውም የከተማ ፕላን ተማሪ የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ነው። በዚያን ጊዜ ግን ፕላን ማለት ማስመሪያና ባዶ ወረቀት ነበር። በ1910 ለንደን ውስጥ በተካሄደው የከተማ ፕላን ዐውደ ርዕይ ላይ ሌሎች በቀለም ያሸበረቁ አደባባዮችና ቤተ መንግሥቶች ሲያሳዩ፣ የጌዲስ ክፍል በአሮጌ ካርታ፣ በፎቶግራፍ፣ በጋዜጣ ቁራጭና በሠንጠረዥ የታጨቀ ነበር። ብዙዎች ግራ ተጋብተው ወጡ። ከተደነቁት መካከል ግን ፓትሪክ አበርክሮምቢ የተባለ እንግሊዛዊ ይገኝበታል። ወደ እርሱ እንመለሳለን።

ቆጣቢ ቀዶ ሕክምና

በ1914 ጌዲስ ዕድሜው ስድሳ ሊሞላ ሲል ሕንድ ተጋበዘ። ዐውደ ርዕዩ በሌላ መርከብ ተጭኖ ይከተለው ነበር፤ አንደኛው የዓለም ጦርነት ተጀምሯልና ኤምደን የተባለችው የጀርመን የጦር መርከብ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ጭነቱን ከነመርከቡ አሰጠመችው። የዓመታት ሥራ ባሕር ገባ። ወዳጆቹ ተረባርበው ሌላ ሰበሰቡለትና ዐውደ ርዕዩ በ1915 መጀመሪያ ማድራስ ላይ ተከፈተ።

በቀጣዮቹ ዓመታት በርካታ የሕንድ ከተሞችን በእግሩ ዞሮ ዘገባ ጻፈ። በየቦታው የሚያገኘው ነገር ተመሳሳይ ነበር። የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ የተፋፈገውን ሰፈር ካርታ ዘርግቶ በላዩ ላይ ቀጥ ያሉ ሰፋፊ መንገዶች ያሰምርበታል። በመስመሩ ሥር የወደቀ ቤት ሁሉ ይፈርሳል። ጌዲስ ካርታውን ይዞ ወደ ሰፈሩ ይገባና ከቤት ወደ ቤት ይሄዳል። የትኛው ቤት ወና እንደሆነ፣ የትኛው ጉድጓድ ውኃ እንዳለው፣ ሴቶች የት እንደሚቀመጡ፣ መቅደሱና ዛፉ የት እንዳሉ ይመዘግባል። ከዚያም እዚህ የፈረሰ ግድግዳ ይነሣ፣ እዚያ ሁለት ወና ቤቶች ተነሥተው ትንሽ አደባባይ ይሁኑ፣ ይህ መተላለፊያ በዚህ ማዕዘን በኩል ብቻ ይስፋ ይላል። ስሙን ቆጣቢ ቀዶ ሕክምና አለው፤ ቢላዋው የሚነካው የታመመውን ሥጋ ብቻ ነው ለማለት ነው። ታንጆር በተባለችው ከተማ ሁለቱን ፕላኖች ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ የእርሱ መንገድ ከመሐንዲሱ እጅግ ባነሰ ገንዘብ እንደሚያልቅና የሚፈናቀለውም ሰው ጥቂት እንደሆነ አሳየ።

ክርክሩ የርኅራኄ ብቻ አልነበረም፤ የሒሳብም ነበር። ቤቱ የፈረሰበት ድሃ ከከተማው አይጠፋም። ጎረቤት ሰፈር ገብቶ ይደረባል፣ ኪራይ ይወደዳል፣ መፋፈጉ ይብሳል። ስለዚህ መፋፈግን ለመቀነስ የተቀደደው መንገድ መፋፈግን ይወልዳል። ኤድንብራ ላይ በዓይኑ ያየውን ነው ሕንድ ላይ የጻፈው።

በወባ ምክንያት የከተማ ኩሬዎች ይደፈኑ ሲባልም ተቃወመ። ኩሬው የሰፈሩ መታጠቢያ፣ ማቀዝቀዣና የጎርፍ መያዣ ነው፤ የትንኙን ዕጭ የሚበላ ዓሣና ዳክዬ ይግባበት አለ።

ከሕንድ ታሪኮቹ ሁሉ የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች ሳይተርኩት የማያልፉት የኢንዶርን ነው። ከተማዋ በቸነፈር ተመትታ ነበር። ጌዲስ ካርታውን ይዞ ሲዞር ሕዝቡ ቤት አፍራሹ መጣ ብሎ ይሸሸው ጀመር። ነገሩ ሲገባው ወደ አገረ ገዢው ሄዶ አንድ ነገር ለመነ፤ ለአንድ ቀን የከተማዋ ማሃራጃ እንዲሆን። ተፈቀደለት። ያኔ የዲዋሊ በዓል ሰልፍ በዚያ ዓመት በተለመደው መንገድ እንደማያልፍ አስነገረ። ሰልፉ የሚያልፈው ነዋሪዎቹ ቤታቸውን በይበልጥ ባጸዱበትና ባሳመሩበት ጎዳና ነው ተባለ። ከተማው ሁሉ ወደ መጥረጊያው ሮጠ። ቆሻሻ በጋሪ ተጋዘ፣ አይጥ ታደነ፣ ግድግዳ ታደሰ። በበዓሉ ቀን ከዝሆንና ከሙዚቃው ኋላ የቸነፈሩ ምስል የሆነ ግዙፍ አይጥ ተከተለ፤ ከዚያ ደግሞ ከሁሉ በታች ተደርገው የሚቆጠሩት ጠራጊዎች ነጭ ለብሰው፣ የአበባ ጉንጉን አጥልቀው በክብር ዐለፉ። በመጨረሻም የአዲሲቱ ከተማ ምስል መጣ። ከዚያ ቀን በኋላ በጌዲስ ፊት የሚዘጋ በር አልነበረም ይላሉ።

ሐዘንና ዕዳ

በዚያው በሕንድ ኑሮው መካከል፣ በ1917፣ ከሁሉ የከፋው መጣበት። የበኩር ወንድ ልጁ አላስዴር በሚያዝያ ወር ፈረንሳይ ውስጥ በጦር ሜዳ ወደቀ። አና በዚያን ጊዜ ሕንድ ውስጥ በጠና ታማ ተኝታ ነበርና የልጇን ሞት አልነገራትም። በሰኔ ወር እርሷም ካልካታ ላይ ዐረፈች። ሠላሳ ዓመት ያለፈው የሕይወት ውጥን ሒሳብ ያዥዋንም ወራሹንም በሁለት ወር አጣ።

ሥራውን አላቆመም። በ1919 በቦምቤይ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው የኅብረተሰብ ሳይንስና የከተማ ጥናት ፕሮፌሰር ሆነ። ወደ ፍልስጥኤም ሄዶ ስለ ኢየሩሳሌም ዘገባ ጻፈ፤ በ1925 የቴል አቪቭን ፕላን ሠራ። ከገጣሚው ራቢንድራናት ታጎር ጋር ወዳጅ ነበር። አሜሪካዊው ሉዊስ ማምፎርድ በደቀ መዝሙርነት ተከተለው፤ ሐሳቡ ወደ ብዙ አንባቢ የደረሰውም በማምፎርድ መጻሕፍት በኩል ነው። ምክንያቱም ጌዲስ ራሱ ለመጻፍም ለመናገርም የሚመች ሰው አልነበረም። ድምፁ በጢሙ ውስጥ ይቀራል፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ጀምሮ ሦስት ሌሎች ይከፍታል።

ጉድለቱም መነገር አለበት። ገንዘብ በእጁ አይበረክትም ነበር። ኤድንብራ ውስጥ የገዛቸውና ያሠራቸው ቤቶች ዕዳ ሲያጎብጡት፣ በ1896 ወዳጆቹ ማኅበር አቋቁመው ንብረቱን ተረከቡት። በአምባው አጠገብ ያሠራው ራምዚ ጋርደን የተባለው ውብ ሕንፃ መኖሪያነቱ ለፕሮፌሰሮችና ለአቅመኞች ነበር፤ እርሱም ቤተሰቡን ይዞ ከጄምስ ኮርት ወደዚያ ተዛወረ። ሀብታምን ወደ ድሃ ሰፈር መመለስ የሰፈሩን ኪራይ እንደሚያንር በቂ ትኩረት የሰጠው አይመስልም። በሕንድ የጻፋቸው ዘገባዎችም አብዛኞቹ በመደርደሪያ ላይ ቀርተዋል። ደግሞም የትም ቢሄድ የሚጠራው ቅኝ ገዢው ወይም የአገሩ መስፍን እንጂ የሰፈሩ ሰው አልነበረም። ኢንዶር ላይ እንኳ ሕዝቡን ለማሰለፍ ያስፈለገው የአንድ ቀን ንጉሥነት ነው።

ከኤድንብራ እስከ ምሥራቅ አፍሪካ

ጌዲስ ራሱ በምሥራቅ አፍሪካ አልሠራም። የቅርብ ሰዎቹ ግን መጥተዋል። በማድራስ አብሮት የሠራው ሄንሪ ቮን ላንቸስተር ስለ ዛንዚባር ያዘጋጀው የፕላን ጥናት በ1923 ታትሟል። የድንጋዩ ከተማ ከ2000 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ግን በጠባብ መተላለፊያዎቹ ውስጥ የሚኖረው ሰው ጣሪያውን በምን እንደሚጠግን አሁንም ከባድ ጥያቄ ነው።

በ1910 ዐውደ ርዕይ ላይ የተደነቀው አበርክሮምቢ ደግሞ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለንደንን መልሶ ለመገንባት በወጣው ፕላን ስሙ ገነነ። በአፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ተጋብዞም የአዲስ አበባን ፕላን አዘጋጀ፤ በ1956 የቀረበው ይህ ፕላን ከሞቱ በፊት ከሠራቸው የመጨረሻ ሥራዎች አንዱ ነው። ከተማዋን በየራሳቸው አገልግሎት ባላቸው ሰፈሮች የማደራጀት፣ የቀለበት መንገድና በዙሪያዋ የሚሠሩ ትንንሽ ከተሞች ሐሳብ ነበረው። ብዙው ሳይተገበር ቀርቷል።

አበርክሮምቢ ከመምህሩ የወሰደው ጥናቱን እንጂ ቁጠባውን አይደለም የሚሉ አሉ፤ እርሱ የሚያስበው በትልልቅ መስመሮች ነበር። አዲስ አበባ ከዚያ ወዲህ ያየቻቸው ፕላኖችም ከጠባቡ መተላለፊያ ይልቅ ለትልቁ መስመር ያደሉ ናቸው። በ2024 የፒያሳ ሰፊ ክፍል ፈርሶ ነዋሪዎቹ ወደ ከተማዋ ዳርቻዎች ሲዛወሩ፣ ከቤቱ ጋር ምን አብሮ ሄደ የሚለው ጥያቄ በብዙዎች አንደበት ነበር። የቀበሌ ቤቶቹ ጣሪያ ያፈስስ እንደነበር፣ መጸዳጃው ለብዙ ቤተሰብ አንድ እንደነበር ማንም አይክድም። ዕድሩ፣ ቡናው፣ ከጉሊቷ ደንበኛ በዱቤ የሚገዛው ሽንኩርትም እዚያው ነበሩ። ጌዲስ በ1860ዎቹ ማፍረስ ማግሥት ኤድንብራ ውስጥ የቆጠረው እንዲህ ያለውን ነገር ነበር፤ በካርታ ላይ የማይታየውን።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

በ1924 ጤናው ስለታወከ ሕንድን ለቅቆ በደቡብ ፈረንሳይ ሞንፔልዬ ከተማ አጠገብ ተቀመጠ። እዚያም አላረፈም። ድንጋያማ ኮረብታ ገዝቶ፣ ለስኮትላንድ ተማሪዎች ኮሌጅ መሥራትና በዙሪያው አትክልት መትከል ያዘ። ወጣት ሳለ ከደጃፉ እንደጀመረ ሁሉ በስተርጅናም አካፋ ይዞ ተገኘ። በ1932 መጀመሪያ ከብሪታንያ ንጉሥ የሰርነት ማዕረግ ተቀበለ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር፣ በ77 ዓመቱ ሞንፔልዬ ላይ ዐረፈ።

የኤድንብራ አሮጌና አዲስ ከተማ በ1995 በአንድነት የዓለም ቅርስ ሆነው ተመዘገቡ። ጌዲስ ያስጠገነው ሪድልስ ኮርት ዛሬ በስሙ የሚጠራ የትምህርት ማዕከል አለበት። የመስተዋቱ ግንብ ጎብኚ ይበዛበታል። ከልጁ ኖራ አትክልት ስፍራዎች አንዷ፣ ከአምባው ቤተ መንግሥት በታች ባለው ቁልቁለት ላይ፣ እስካሁን አረንጓዴ ናት። የአሮጌው ከተማ ነዋሪዎች የዛሬ እሮሮ ግን ሌላ ነው። ጠባቦቹ ደረጃዎች ጸድተዋል፤ ክፍሎቹ ግን ለቱሪስት በቀን እየተከራዩ፣ ለነዋሪ የሚሆን ቤት ጠፋ። ከተማዋ በ2022 ይህን የአጭር ጊዜ ኪራይ በፈቃድ እንዲሆን ደንግጋለች። ጄምስ ኮርትም እዚያው አለ፤ ምሽት ላይ በየመስኮቱ መብራት ይታያል፣ የቱ የጎረቤት የቱ የእንግዳ እንደሆነ ግን ከታች ቆሞ መለየት ያስቸግራል።